እግሬን የሚያመኝ የወገብ ዲስክ ነው ወይ? ደረጃ በደረጃ የማጣሪያ መመሪያ

አንዲት እናት የኤምአርአይ ፊልማቸውን ከፌስታል አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። «ዲስክ ነው ልጄ» አሉኝ፣ ገና ወንበሩ ላይ በደንብ ሳይቀመጡ። ዕድሜያቸው ስድሳ ገደማ ነው። ቀኝ እግራቸውን ካመማቸው ሁለት ዓመት ሆኗል። ወገባቸውን ታሽተዋል፣ ቀበቶ አስረዋል፣ መርፌም ተወግተዋል። «የሚያምዎትን ቦታ በአንድ ጣት ያሳዩኝ» አልኳቸው። ጣታቸው ወደ ወገባቸው አልሄደም። ብሽሽታቸው ላይ አረፈ። ካልሲ ማጥለቅ እንደሚቸግራቸውም ነገሩኝ። አስተኝቼ፣ ጉልበታቸውን አጥፌ፣ ጭናቸውን በዳሌያቸው ላይ ሳሽከረክረው «እሱ ነው! እሱ ነው!» ብለው እጄን ያዙኝ። ሕመሙ ከዳሌ መገጣጠሚያ ነበር። ፊልሙ ላይ የታየው የዲስክ እብጠት ደግሞ በግራ በኩል ነው፤ የሚያማቸው ቀኝ።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ደጋግሞ ይገጥመኛል፣ ሁሌም ያሳዝነኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ የታከመው ያላመማቸው ቦታ ነው። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ቢይዙልኝ ይህን ይያዙ፦ ምርመራው የሚጀምረው ከእግር ነው፣ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳየው ፊልም) የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ፊልሙና እግሩ አንድ ነገር ካልተናገሩ፣ ዲስኩ ቢታይም የሕመሙ ምክንያት እሱ ነው ማለት አይቻልም።

ከታች ያሉትን ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። የሐኪምን ምርመራ ግን አይተኩም። ሐኪምዎ ዘንድ ሲደርሱ ነገሩን በአሥር ደቂቃ ውስጥ በትክክል ለማስረዳት ነው የሚጠቅሙዎት።

ዲስክ ሲባል ምን ማለት ነው?

የታችኛው ወገብ 5 አከርካሪ አጥንቶች አሉት። በመካከላቸው ዲስኮች አሉ። ዲስክ ከውጭ ጠንካራ ቀለበት ነው፤ ውስጡ ግን እንደ ወፍራም ተልባ የሚሙለጨለጭ ነገር ይዟል። «ዲስኬ ተንሸራተተ» እንላለን እንጂ ዲስኩ ከቦታው አይንሸራተትም። ቀለበቱ ይሰነጠቅና ውስጡ ያለው ወደ ኋላ ይወጣል። እዚያው አጠገብ ወደ እግር የሚወርድ የነርቭ ሥር አለ። የወጣው ነገር ነርቩን ይጫነዋል፤ በውስጡ ያሉት ኬሚካሎችም ያስቆጡታል። ትንሽ የምትመስል እብጠት አንዱን ሰው አልጋ ላይ ጥላ፣ ትልቋ ሌላውን ምንም ሳትለው የምትኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ10 የወገብ ዲስክ መውጣቶች 9 ያህሉ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዲስኮች ላይ የሚደርሱ ናቸው። ሐኪሞች ኤል 4-ኤል 5 እና ኤል 5-ኤስ 1 ይሏቸዋል። «ኤል» የወገብ አጥንት፣ «ኤስ» ከሥሩ ያለው አጥንት ነው፤ ቁጥሩ ከላይ ወደ ታች ያለው ተራ ነው። ነርቮቹም በእነዚሁ ስሞች ይጠራሉ። እነዚህን ስሞች ያስታውሷቸው፣ ኋላ ይመለሳሉ። የእግር ሕመምና የወጣ ዲስክ ያላቸውን ዝምድና በግልጽ አሳይተው በ1934 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሚክስተርና ባር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ናቸው። ያኔ ኤምአርአይ የሚባል ነገር አልነበረም። ሕመምተኞችን እየመረመሩና በቀዶ ሕክምና ያገኙትን እያዩ ነው የደረሱበት።

ደረጃ 1፦ ጊዜ የማይሰጡትን ምልክቶች ያስቀድሙ

ከታች ካሉት አንዱ ካለ ይህን ጽሑፍ አቁመው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሌሊትም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን።

ሽንት እምቢ ካለዎት፣ ወይም ሳይታወቅዎት ካመለጠዎት። ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት። ፈረስ ላይ ቢቀመጡ ኮርቻው የሚነካው ቦታ፣ ማለትም በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ፣ ከደነዘዘ። ሲታጠቡ ውሃው እንደ ወትሮው ካልተሰማዎት ይህን አይናቁት። ሕመሙ በሁለቱም እግሮች ከወረደ ወይም እግርዎ ከቀን ወደ ቀን እየሰነፈ ከሄደ። ይህ «ካውዳ ኢኳይና» የሚባለው የነርቮች ዘለላ የመጨፍለቅ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስሙ የፈረስ ጭራ ማለት ነው። በሰዓታት የሚቆጠር አደጋ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ከዘገየ ሽንትን የመቆጣጠር አቅም ላይመለስ ይችላል። ሰው ስለሚያፍር አይናገረውም። እባክዎ ይናገሩ፤ ሐኪሙ ባይጠይቅዎትም እርስዎ ያንሡት።

ሁለተኛው ክፍል የድንገተኛ ያህል አያስሮጥም፣ ግን በቀናት ውስጥ ሐኪም ማየት አለበት። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ተኝተውም የማይተው የሌሊት ሕመም፣ ቀድሞ የታከመ ካንሰር፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ፣ መውደቅ ወይም የመኪና አደጋ። እኛ አገር ቲቢን መርሳት አይቻልም። ቲቢ አከርካሪ ውስጥ ገብቶ ለወራት የወገብ ሕመም መስሎ ይቆያል። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው ደግሞ በብሩሴሎሲስ ወገቡን ሊታመም ይችላል። እነዚህ ሁለቱ በመድኃኒት የሚድኑ ናቸው፤ «ዲስክ ነው» ተብለው ሲታሹ ግን አጥንት ይበላል። ስለዚህ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ወገብን ለወጌሻ አሳልፎ መስጠት ትልቅ ስህተት ነው። ወጌሻን መናቄ አይደለም። በቲቢ የተበላ አጥንት በጉልበት ሲጠመዘዝ ሊሰበር ስለሚችል ነው።

ደረጃ 2፦ ሕመሙን ወረቀት ላይ ይሳሉት

በአማርኛ «እግሬን ያመኛል» ሲባል ከጭን እስከ ጣት ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል። ለሐኪም ይህ ብዙም አይነግረውም። ወረቀት ያውጡ። የሰው ቅርጽ ከፊትና ከኋላ ይሳሉ፤ ሥዕሉ ማማር የለበትም። ሕመሙ የሚሄድበትን መንገድ በእስክሪብቶ ያስምሩ። የሚደነዝዘውን ቦታ በነጠብጣብ ይሙሉት።

ከዲስክ የሚመጣ የነርቭ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ እግር ነው። ከመቀመጫ ይነሣና እንደ ገመድ ቀጭን መስመር ይዞ ከጉልበት በታች ይወርዳል። ከወገቡ ይልቅ እግሩ ይብሳል። ሕመሙ ጭን ላይ ከቀረ፣ ወይም እንደ ብርድ ልብስ በሰፊው ከተኛ፣ ጥርጣሬው ይቀንሳል።

ወረቀቱ ጥግ ላይ የሚሰማዎትን በራስዎ ቃል ይጻፉ። ቋንቋችን እዚህ ጋ ሀብታም ነው። «እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል»፣ «ይለበልበኛል»፣ «ጉንዳን የሚሄድበት ያህል ይወረኛል» የሚል ሰው ሲመጣ ነርቭን አስባለሁ። «ይቆረጥመኛል»፣ «ይከብደኛል» ሲል ደግሞ መገጣጠሚያንና ጡንቻን ቀድሜ አያለሁ። ፍጹም መለያ አይደለም፤ ጥሩ ጠቋሚ ነው። «ብርድ ነው» ብለው ግን አይጻፉ፤ ብርድ ያመጣው ይመስልዎት ይሆናል፣ ምን እንደሚሰማዎት ግን አይገልጽም።

ትክክለኛውን መስመር ለማግኘት ሦስት የነርቭ መንገዶችን ይወቁ፦

- ኤል 4፦ ከጭን ፊት ለፊት ተነሥቶ በጉልበት አልፎ ወደ ቅልጥም የውስጥ ጎን።
- ኤል 5፦ በጭንና በቅልጥም የውጭ ጎን ወርዶ፣ የጫማ ክር በሚታሰርበት የእግር አናት አድርጎ ወደ አውራ ጣት።
- ኤስ 1፦ በጭን ኋላና በባት ወርዶ ወደ ተረከዝ፣ ውስጥ እግርና ትንሿ ጣት።

ሰው እንደ መጽሐፍ አይታመምም፣ መስመሮቹም ይደራረባሉ። ግን ጣት ድረስ የደረሰ መደንዘዝ ጥሩ ምስክር ነው። የትኛው ጣት እንደሆነ ይጻፉ።

ደረጃ 3፦ ምን ያብሰዋል? ምን ያስታግሰዋል?

ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ ወይም ሰገራ ላይ ሲያምጡ ሕመሙ እግር ድረስ ከወረደ ዲስክን ያስጠረጥራል። ሲያጎነብሱና ለረጅም ጊዜ ሲቀመጡ የሚብስ፣ ቆም ሲሉ ወይም ሲንቀሳቀሱ የሚሻል ከሆነም እንደዚያው። ከሚኒባስ ወንበር ሲነሡ መጀመሪያ ቀና ማለት የሚያቅታቸውን ሰዎች አስቡ።

ተቃራኒውን ያስተውሉ። ሲሄዱ እየባሰ፣ ቁጭ ሲሉ ወይም ጎንበስ ሲሉ የሚተው ከሆነ፣ በተለይ ዕድሜ ከ60 ከዘለለ፣ የነርቭ መተላለፊያው ጠቦ ሊሆን ይችላል። ሲሄዱ ባትን ጨምድዶ ይዞ፣ ሳይቀመጡ ቆም ሲሉ ብቻ የሚለቅ ከሆነ ደግሞ የደም ሥር መጥበብን ያስቡ፣ አጫሽ ከሆኑ ይበልጡን።

ደረጃ 4፦ ጡንቻውንና ስሜቱን ይፈትኑ

አንድ የሚኒባስ ሾፌር «ነጠላ ጫማዬ እየወለቀ አስቸገረኝ» ብሎኝ ያውቃል። ጫማው ሰፍቶ መስሎት አዲስ ገዝቶ ነበር፤ አዲሱም ወለቀ። የሁለቱንም እግሮቹን አውራ ጣቶች ወደ ላይ እንዲያነሣና እንዲይዝልኝ ጠየቅሁት። የግራውን በእጄ ሙሉ ብጫነው አልነቃነቅ አለኝ። የቀኙን በአንድ ጣቴ ስጫነው ወረደ። ራሱም ደነገጠ። አውራ ጣቱን ከፍ የሚያደርገውን ጡንቻ በዋናነት የሚያዘው ኤል 5 ነው።

እርስዎም በባዶ እግር ሆነው፣ ሰው አጠገብዎ ቆሞ፣ ግድግዳ ይዘው ይሞክሩ።

በተረከዝዎ ብቻ አሥር እርምጃ ይሂዱ። አንዱ እግር ከፊት መሬት የሚነካ ከሆነ ኤል 4 ወይም ኤል 5 ነው የሚጠረጠረው። ቀጥሎ አውራ ጣትዎን ያንሡ፣ ጓደኛዎ ይጫነው፣ ሁለቱን ያነጻጽር። ከዚያ በአንድ እግር ቆመው በጣትዎ ጫፍ 10 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይበሉ። ደህናው እግር 10 ጊዜ ችሎ የታመመው 3 ላይ ከቆመ ኤስ 1 ነው የሚጠረጠረው። ቁጥሩን ይጻፉት። በመጨረሻም ዝቅ ካለ ወንበር በአንድ እግር መነሣት ይሞክሩ፤ ይህ የጭን ፊት ጡንቻን ያሳያል። ለጉልበት ሕመምተኛ አይሆንም፣ ይዝለሉት።

በሕመም ምክንያት አለመቻልና በስንፈት አለመቻል ይለያያሉ። «ያመኛል እንጂ ይነሣል» የሚሉ ከሆነ እሱንም ይጻፉ።

ለስሜት ጥጥ ይበቃል። ዓይንዎን ይጨፍኑ። ጓደኛዎ የሁለቱን እግሮች ተመሳሳይ ቦታ በጥጥ ይንካ፦ የቅልጥም ውስጥ፣ የእግር አናት፣ የትንሿ ጣት ጎን። «እኩል ነው ወይ?» ብቻ ይጠይቅዎ።

ደረጃ 5፦ ተኝቶ እግርን የማንሣት ፈተና

ሐኪሞች የላሴግ ፈተና ይሉታል። ከሁሉም ፈተናዎች ታዋቂው ነው። በብዛት በስህተት የሚሠራውም እሱ ነው።

ወለል ላይ በጀርባዎ ይተኙ። ትራስ አያድርጉ። እግርዎን እርስዎ አያንሡት፤ ጓደኛዎ ከተረከዝ በታች ይያዝና ጉልበትዎን ቀጥ አድርጎ በዝግታ ያንሣ። መጀመሪያ ደህናውን፣ ከዚያ የታመመውን። የለመዱት ሕመም እንደተቀሰቀሰ «ቁም» ይበሉ። በጉልበት አይቀጥል።

ፈተናው «ታመመ» የሚባለው የለመዱት ንዝረት ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ውስጥ ከጉልበት በታች ሲወርድ ነው። እግርዎ 90 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም፣ 30 ዲግሪ ላይ ተረከዝዎ ከወለሉ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ 70 ዲግሪ ላይ 85 ገደማ። ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ይቻላል። ከጭን በስተኋላ ብቻ ጅማት ሲሳብ የሚሰማው ሕመም አይቆጠርም። ብዙ ሰው ጅማቱ አጭር ነው፣ በሽታ አይደለም። ለመለየት እግሩን ትንሽ ዝቅ ያድርግልዎና የእግርዎን ጣቶች ወደ ቅልጥምዎ ይሳብ። ነርቩ ከሆነ ንዝረቱ ይመለሳል።

አሁን ደህናውን እግር ደግሞ ያንሣ። ደህናው ሲነሣ የታመመው እግር ከታመመ ጠንካራ ምልክት ነው። ለቀዶ ሕክምና በታሰቡ ሕመምተኞች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ የመጀመሪያው ፈተና ከ10 የዲስክ ሕመምተኞች 9 ያህሉን ይይዛል፣ ዲስክ የሌለባቸውንም ግን አብሮ ያግበሰብሳል። ሁለተኛውን፣ የደህናውን እግር ፈተና፣ ብዙ የዲስክ ሕመምተኞች ያመልጡታል፤ ሲገኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። በዕድሜ በገፋ ሰው ደግሞ ዲስክ ኖሮም ፈተናው ላይታመም ይችላል።

የኤል 4 መስመር ያለዎት ከሆነ ይህ ፈተና ብዙ አይረዳዎትም። በሆድዎ ተኝተው ጉልበትዎ ሲታጠፍ የጭንዎ ፊት ከነዘረ እሱን ይጻፉ።

ደረጃ 6፦ ዲስክ የሚመስሉትን ይለዩ

የዳሌ መገጣጠሚያ፦ ከላይ ያነሣኋቸው እናት። ብሽሽት፣ ካልሲ ማጥለቅ፣ እግር ማነባበር።

ስኳር፦ ሁለቱም እግሮች እንደ ካልሲ ከጣት ጀምረው ወደ ላይ ይደነዝዛሉ፣ ሌሊት ያቃጥላሉ። ስኳርዎን ለክተው የማያውቁ ከሆነ ይለኩ። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረትም እንዲሁ ያደርጋል።

አልማዝ ባለጭራ፦ ሽፍታው ከመውጣቱ ከቀናት በፊት በአንድ መስመር ያቃጥላል። ልብስዎን አውልቀው ቆዳዎን ይዩ።

የደም መርጋት፦ አንድ ባት አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነካ ካመመ፣ በተለይ ከረጅም በረራ ወይም ከወሊድ በኋላ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ማሸት ክልክል ነው፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።

ቁጢጥ ብሎ መዋል፦ ለሰዓታት ቁጢጥ ብለው አረም ሲያርሙ ወይም እግር አነባብረው ሲቀመጡ ከጉልበት ጎን ያለው ነርቭ ሊጫን ይችላል። እግሩ ከፊት ይወድቃል፣ ወገብ ግን አያምም።

መርፌ፦ መቀመጫ ላይ መርፌ እንደተወጉ ወዲያው እግር ድረስ ከነዘረ፣ ነርቩ ራሱ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ይጻፉ።

ደረጃ 7፦ ሐኪሙ ዘንድ

ወረቀትዎን ይስጡ። ጥሩ ምርመራ ሱሪ ያስወልቃል። ሐኪሙ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ጅማትዎን በመዶሻ ይመታል። የቁርጭምጭሚቱ መልስ በአንድ በኩል ከጠፋ ኤስ 1 ነው የሚጠረጠረው፤ የጉልበቱ ከደከመ ኤል 4። ዳሌዎን ያዞራል፣ የእግርዎን የደም ምት ይዳስሳል። ማንም ሳይነካዎት የኤምአርአይ ወረቀት ብቻ ከተሰጠዎት «እባክዎ እግሬን ይመርምሩልኝ» ብለው በትሕትና መጠየቅ መብትዎ ነው።

ደረጃ 8፦ ኤምአርአይ መቼ፣ እንዴትስ ይነበባል?

ራጅ ዲስክን አያሳይም። አጥንትን ነው የሚያሳየው። ስብራት ወይም አጥንትን የሚበላ ነገር ሲጠረጠር ግን ይጠቅማል።

የደረጃ 1 ምልክት ከሌለ፣ ጡንቻውም እየሰነፈ ካልሄደ፣ ኤምአርአይ ለመነሣት መቸኮል አያስፈልግም። አብዛኛው የዲስክ የእግር ሕመም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ በደንብ ይሻለዋል። ከ6 ሳምንት በኋላም ካልተሻለ፣ ወይም የጀርባ መርፌ ወይም ቀዶ ሕክምና ከታሰበ፣ ያኔ ይነሡ። ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ በሰዓቱ ይዋል። ሰውነትዎ ውስጥ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ወይም ብረት ካለ ቀድመው ይናገሩ።

ውጤቱን ሲያነቡ አይደንግጡ። በ1994 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነሥተው ነበር። 52 በመቶው ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ («ባልጅ») ተገኘባቸው። 27 በመቶው «ፕሮትሩዥን» ነበረባቸው። «ኤክስትሩዥን» ግን 1 በመቶ ብቻ። እንግዲህ «ባልጅ» ማለት ዲስኩ በዙሪያው ገፋ ብሏል ማለት ነው፤ ከዕድሜ ጋር እንደ ሽበት የሚመጣ ነው። «ፕሮትሩዥን» በአንድ በኩል ገፍቷል ማለት ነው። «ኤክስትሩዥን» ውስጡ ያለው ቀለበቱን ጥሶ ወጥቷል፤ «ሲኩዌስትሬሽን» ደግሞ የወጣው ተቆርጦ ቀርቷል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አስፈሪ ይመስላሉ። ሰውነት ግን እነሱን ከባልጅ በተሻለ መጥጦ ያጠፋቸዋል።

አሁን የደረጃ 2ን ሥዕል ከፊልሙ ጎን ያስቀምጡና ሦስት ነገር ይጠይቁ። ጎኑ ይገጥማል? ሕመሙ ቀኝ ከሆነ ዲስኩም በቀኝ መውጣት አለበት። ደረጃው ይገጥማል? የኤል 4-ኤል 5 ዲስክ በተለምዶ የሚጫነው የኤል 5ን ነርቭ ነው፤ የኤል 5-ኤስ 1 ደግሞ የኤስ 1ን። ነርቩ ተነክቷል ወይስ ዲስኩ ብቻ ነው ያበጠው? ሦስቱም «አዎ» ከሆኑ ምክንያቱን አግኝተዋል ማለት ይቻላል። አንዱ ካልገጠመ ወደ ደረጃ 6 ይመለሱ። አሁንም ካልተለየ የነርቭና የጡንቻ የኤሌክትሪክ ምርመራ አለ፤ ሕመሙ ከጀመረ ከ3 ሳምንት በፊት ግን ብዙም አያሳይም።

ደረጃ 9፦ በየሳምንቱ ይለኩ

ዲስክ መሆኑ ከታወቀ በኋላ «ተሻለኝ» ወይም «አልተሻለኝም» ከሚሉ ቁጥር ይያዙ። ግድግዳው ላይ ያለው የእርሳስ ምልክት ስንት ደረሰ? በጣት ጫፍ ስንት ጊዜ ተነሡ? ሕመሙ ከእግር ጣት ወደ ባት፣ ከባት ወደ መቀመጫ እየተመለሰ ከሆነ፣ ወገቡ ለጊዜው ቢብስ እንኳ ጥሩ ምልክት ነው። ጡንቻው እየደከመ ከሄደ ግን፣ ሕመሙ ቢቀንስም፣ ቀጠሮ አይጠብቁ። ሕመም ቀንሶ ስንፈት ሲጨምር ነርቩ እየሞተ ሊሆን ይችላል።

ሾፌሩን የነርቭ ቀዶ ሐኪም እንዲያየው ላክሁት። ፊልሙ በቀኝ በኩል የኤል 4-ኤል 5 ኤክስትሩዥን አሳየ፤ ከአውራ ጣቱ ጋር ገጠመ። ስንፈቱ እየጨመረ ስላልነበረ በቅርብ እየታየ እንዲቆይ ተወሰነ። በየሰኞው ይመጣና መጀመሪያ አውራ ጣቱን እንይ ይለኛል። በሰባተኛው ሳምንት በአንድ ጣቴ ስጫነው አልወርድ አለኝ።